መብራት ሲሄድ ከሰርቨሩ የማያቆራርጠን የኮምፒውተር መተግበሪያ የቱ ነው?

ጥያቄ
ከአዌቱ ማዶ (ጅማ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሂርማታ ገበያ አቅራቢያ ባለች አንዲት ቢሮ ውስጥ ለአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የመረጃ ሥራ እሠራለሁ። ገበሬው እሸት ቡናውን ወደ መፈልፈያው ሲያመጣ ሚዛን ላይ የወጣው ኪሎ፣ የገበሬው ስምና የተከፈለው ገንዘብ በዕለቱ ይመዘገባል፤ መዝገቡም ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ውስጥ በተከራየነው አንድ አነስተኛ የክላውድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሰርቨሩ የሚሠራው ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ሲሆን እኔና ሁለቱ ባልደረቦቼ የምንሠራባቸው ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10 ናቸው። እስካሁን ወደ ሰርቨሩ የምንገባው ከርቀት ትእዛዝ በሚተየብበት፣ ፑቲ በተባለ መተግበሪያ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ የአምናውን መዝገብ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ እያስገባሁ ሳለ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረው አልጠፋም፤ ራውተሩ ግን ጠፋ። ወዲያው የስልኬን ሆትስፖት ከፍቼ ላፕቶፑን አገናኘሁት። ጥቁሩ መስኮት ለጥቂት ጊዜ ደርቆ ከቆየ በኋላ «ኔትወርክ ኤረር፦ ሶፍትዌር ኮዝድ ኮኔክሽን አቦርት» የሚል መልእክት አወጣ፤ በመስኮቱ አናት ላይም «ፑቲ ኢንአክቲቭ» የሚል ጽሑፍ መጣ። እንደገና ስገባ ሥራው መሃል ላይ ተቋርጦ፣ ከመዝገቡ ገሚሱ ገብቶ ገሚሱ ቀርቶ አገኘሁት። የየትኛው መፈልፈያ ጣቢያ መዝገብ እንደገባና የየትኛው እንደቀረ ለመለየት ከወረቀቱ ደብተር ጋር እያመሳከርን ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥን። በእሸት ቡና ወቅት ሁለት ቀን ቀላል ነገር አይደለም፤ ክፍያው የሚሠራው ከዚሁ መዝገብ ስለሆነ ገበሬው ቆሞ ይጠብቃል።

ሌላም ችግር አለብን። የገበሬዎቻችን ስም ከፊሉ በቁቤ፣ ከፊሉ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል። በቁቤ የተጻፈው በፑቲ ላይ በትክክል ይታያል፤ በአማርኛ የተጻፈው ግን ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ስም ደግሞ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ስለዚህ ከፑቲ የተሻለ፣ የማይቆራረጥ፣ ለሦስታችንም የሚሆን መተግበሪያ የምታውቁ ካላችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ለእኛ አይሆንም፤ የሰርቨሩን ኪራይ እንኳ የሚከፍልልን ውጭ አገር የሚኖር የአንዱ ባልደረባችን ዘመድ ነው። ሦስታችንም የምንገባው ሰርቨሩ ሲከፈት በተሰጠን በይለፍ ቃል ፈንታ በሚያገለግል አንድ የቁልፍ ፋይል ሲሆን ፋይሉን በቴሌግራም ተላልከነዋል፤ አዲሱ መተግበሪያ ይህንኑ ፋይል ቢቀበል ሥራ ይቀልልናል።

መልስ
የሌሊት ተረኛ

በሁለቱ ቀናት የደረሰባችሁ ድካም ይገባኛል፤ እኔም ከዓመታት በፊት በተመሳሳይ መንገድ የአንድ ድርጅት ዳታቤዝ መሃል መንገድ ላይ ቀርቶብኝ ሲነጋ ነው ያቀናሁት። ከዚያ የተማርኩትን ልንገርዎት፦ መተግበሪያ ብትቀይሩም ያ ቀን ይደገማል፤ ምክንያቱም የተቋረጠው በፑቲ ጥፋት አይደለም።

ላፕቶፕዎና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ቲሲፒ የተባለው ሥርዓት አንድን ግንኙነት የሚለየው በሁለቱ ወገኖች የአይፒ አድራሻና የፖርት ቁጥር ነው። ከቢሮው ራውተር ወደ ስልክዎ ሆትስፖት ሲዛወሩ ለሰርቨሩ የሚታየው አድራሻዎ ስለሚለወጥ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለእሱ የማያውቁት እንግዳ ነዎት፤ የቀድሞውን ግንኙነት ሊያስቀጥልልዎ የሚችል በኤስኤስኤች (ፑቲም ከሰርቨሩ ጋር በምስጢር በሚነጋገርበት ሥርዓት) የሚሠራ መተግበሪያ፣ ነፃም ይሁን የሚከፈልበት፣ የለም። ሰርቨሩ በበኩሉ ግንኙነቱ መሞቱን ሲረዳ እርስዎ የከፈቱትን ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ይዘጋና በውስጡ ለሚሠሩት ፕሮግራሞች «መስመሩ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ይልካል። ምልክቱ «ሃንግአፕ» ይባላል፤ ስሙ በስልክ መስመርና በሞደም ይሠራ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ይህ ምልክት ሲደርሰው ሥራውን እዚያው ጥሎ ይሞታል። የእናንተም መዝገብ ማስገቢያ የሞተው በዚህ ነው።

መፍትሔው ሥራውን ከእርስዎ መስኮት ማላቀቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ቲሙክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን የሚጫነው ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ነው፤ በብዙ የኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ ቀድሞም ተጭኖ ይገኛል። ወደ ሰርቨሩ እንደገቡ ከሁሉ አስቀድመው ቲሙክስን ይክፈቱና ረጅሙን ሥራ በእሱ ውስጥ ያስጀምሩ። ከዚያ በኋላ መብራት ቢሄድ፣ ላፕቶፑ ቢዘጋ፣ ኔትወርኩ ከነጭራሹ ቢጠፋ ሥራው ፍራንክፈርት ላይ ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ ተመልሰው ይገቡና «ቲሙክስ አታች» ብለው ሲጽፉ ያው መስኮት ከነጽሑፉ ይከፈትልዎታል። በፈቃድዎ ትተውት ለመውጣት ኮንትሮልንና ቢን አንድ ላይ ተጭነው ከለቀቁ በኋላ ዲን መጫን ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ከተነሣ ቲሙክስም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክሬ የዳታቤዙን ይመለከታል። መዝገቡን የምታስገቡት በትራንዛክሽን ውስጥ (ወይ ሁሉም አብሮ በሚገባበት ወይ ምንም በማይገባበት አሠራር) ቢሆን ኖሮ ሥራው መሃል ላይ ቢሞትም ዳታቤዙ የገባውን ሁሉ መልሶ በመሰረዝ እንደ ነበረ ይሆን ነበር፤ እንደገና መጀመር ይኖርባችሁ ነበር እንጂ ገሚሱን ከገሚሱ ለመለየት ሁለት ቀን አታጠፉም ነበር። የየጣቢያውን መዝገብ በየራሱ ትራንዛክሽን ማስገባት የተሻለ ይመስለኛል፤ ቢቋረጥ የሚደገመው የአንዱ ጣቢያ ብቻ ይሆናልና።

ሥራ ሳይኖር ለጥቂት ደቂቃ ሲተዉት ግንኙነቱ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ ስለሚጋሩ፣ መሃል ላይ ያለው መሣሪያ ምንም የማይተላለፍበትን ግንኙነት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመዝገቡ ያወጣዋል። ይህን ለመከላከል በፑቲ ውስጥ «ኮኔክሽን» በሚለው ክፍል «ሰከንድስ ቢትዊን ኪፕአላይቭስ» የሚል ቦታ ያገኛሉ፤ ሲጫን 0 ሆኖ ይመጣል፣ ይህም አይሠራም ማለት ነው። 30 ብለው ቢያደርጉት በየግማሽ ደቂቃው አንዲት ትንሽ መልእክት እየላከ ግንኙነቱን ሕያው ያደርገዋል።

አድራሻ ሲለወጥም የማይቋረጥ ከፈለጉ ሞሽ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከኤምአይቲ የወጣ ሲሆን በቲሲፒ ፈንታ ዩዲፒ በተባለ ሌላ ሥርዓት ስለሚሠራ ከራውተር ወደ ሆትስፖት ቢዛወሩም ያለ እርስዎ ርዳታ ግንኙነቱን ያስቀጥላል፤ የሚተይቡትንም ፊደል ከፍራንክፈርት መልስ ሳይጠብቅ ወዲያው ያሳያል፤ መስመሩ በሚዘገይበት ቀን ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሰርቨሩም ላይ መጫን አለበት፤ ያልተፈቀደ ግንኙነትን በሚያግደው የክላውዱ ፋየርዎል ላይም ከ60000 እስከ 61000 ያሉት የዩዲፒ ፖርቶች መከፈት ይኖርባቸዋል። የሚያስቀጥለው በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ብቻ በመሆኑ ወደ ላይ ተመልሰው የቀድሞውን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ሞሽንም ቢሆን ከቲሙክስ ጋር ነው መጠቀም ያለብዎት።

መልስ
የኪቶ ፉርዲሳ ምሩቅ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ስለ መተግበሪያው ምርጫ ልጨምር፤ ወንድሜ የጠየቁት እሱን ነውና።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 1803 ከተባለው ስሪት ጀምሮ ኦፕንኤስኤስኤች የተባለውን ነፃ የኤስኤስኤች ፕሮግራም በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ምንም ሳትጭኑ ፓወርሼል የተባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ ከፍታችሁ «ኤስኤስኤች» ብላችሁ የሰርቨሩን አድራሻ በመጻፍ ብቻ መግባት ትችላላችሁ። በተጠቃሚው ፎልደር ሥር ባለው የኤስኤስኤች ፎልደር ውስጥ «ኮንፊግ» የሚል ፋይል ፈጥራችሁ ለሰርቨሩ አጭር ስም፣ አድራሻውን፣ የተጠቃሚውን ስምና የቁልፉን ቦታ አንድ ጊዜ ብትጽፉ ከዚያ ወዲያ የምትጽፉት አጭሩን ስም ብቻ ይሆናል። እኔ ሁሉንም ሞክሬ የተመለስኩት ወደዚሁ ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር ዊንዶውስ ተርሚናልን ብትጭኑ ደግሞ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ መስኮት በየታቡ መክፈት ትችላላችሁ።

ሁሉም ሰው ግን ትእዛዝ መተየብ አይወድም። ከባልደረቦችዎ አንዱ የሚሠራው ፋይል ማውረድና መጫን ብቻ ከሆነ ዊንኤስሲፒ ይበቃዋል፤ በአንድ በኩል የላፕቶፑ፣ በሌላ በኩል የሰርቨሩ ፎልደር ስለሚታይ ፋይሉን በማውስ እየጎተተ ያሻግራል። ተርሚናሉንም ፋይሉንም በአንድ ላይ ለሚፈልግ ሞባኤክስተርም ጥሩ ነው፦ በኤስኤስኤች ሲገቡ የሰርቨሩ ፋይሎች ከጎን ራሳቸው ይዘረዘራሉ፤ ከላይ የተነገረው ሞሽም በውስጡ አለ። ነፃው እትም የሚያስቀምጠው እስከ 12 ሴሽን (የተቀመጠ የሰርቨር መግቢያ) ነው፤ አንድ ሰርቨር ላላችሁ ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው። ተርሚየስ ደግሞ በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ መልከ መልካም መተግበሪያ ቢሆንም ሴሽኖቹን በመሣሪያዎች መካከል የማመሳሰሉ አገልግሎት ክፍያ ስለሚጠይቅ ለእናንተ አልመክረውም።

ስለ ፊደሉ፦ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት አንድ አይደሉም፤ ይህን መለየት ከሁሉ ይቀድማል። ሳጥን ማለት መረጃው ደህና ነው፣ መስኮቱ የያዘው ፎንት ግን የግእዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ኢብሪማ በተባለው ፎንቱ ውስጥ ፊደላችንን ይዟል፤ ዊንዶውስ ተርሚናል ዋናው ፎንት የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ፈልጎ ስለሚያመጣ ምንም ሳትነኩ አማርኛውን ያሳያችኋል። በፑቲ መቀጠል ከፈለጋችሁ በ«ትራንስሌሽን» ክፍል የግእዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደላት የሚያስተናግደው ዩቲኤፍ 8 መመረጡን አረጋግጡ፤ በ«አፒራንስ» ክፍል ደግሞ ወርዳቸው እኩል ያልሆነ ፎንቶችን ለመምረጥ የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ ኢብሪማን ምረጡ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ስለሚሰጥ እንደ ጨ እና ጠ ያሉት ሰፋፊ ፊደሎች ጎናቸው ሊቆረጥ ይችላል፤ ያ የማሳያ ጉድለት ብቻ ነው።

የጥያቄ ምልክቱ ግን ያሳስበኛል። የዳታቤዙ ሰንጠረዥ ወይም ማስገቢያው ፕሮግራም ላቲን 1 በተባለው አሮጌ የፊደል አሠራር ከተዘጋጀ፣ የአማርኛው ፊደል ሲገባ በእውነተኛ የጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ስሙ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ፎንት መቀየር አይመልሰውም። ለማረጋገጥ በዳታቤዙ «ሄክስ» በሚለው ትእዛዝ አንዱን የተበላሸ ስም በቁጥር መልክ አውጥታችሁ እዩት፤ 3ኤፍ እየተደጋገመ ከመጣ የተቀመጠው የጥያቄ ምልክት ራሱ ነው። ስሙ ከወረቀቱ ደብተር እንደገና መግባት ይኖርበታል። ከዚያ በፊት ግን ሰንጠረዡን ወደ ዩቲኤፍ 8 ለውጡት፤ አለዚያ ዳግም ይጠፋል። የገበሬ ስም ከክፍያው ጋር የተያያዘ ነውና ይህን ነገ ሳትሉ ዛሬ ተመልከቱት።

መልስ
ቁልፍ ያዥ

ከጥያቄው ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ በመጨረሻ የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከዚህ በፊት የመለሱት ወንድሞች ስላለፏት ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ቁልፍ ለሦስት ሰው፣ ያውም በቴሌግራም ተልኮ፣ የገበሬ ገንዘብ በተመዘገበበት ሰርቨር ላይ መኖር የለበትም። ያንን ፋይል የያዘ ሁሉ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ከሦስቱ የአንዳችሁ ስልክ ቢሰረቅ ወይም አንዳችሁ ሥራ ብትለቁ ፋይሉ እዚያው ውይይት ውስጥ ይቀራል፤ ማን ምን እንደሠራም ከሰርቨሩ መዝገብ መለየት አይቻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሁል ጊዜ ጥንድ ነው፦ አንዱ የግል ቁልፍ ሲሆን ከተፈጠረበት ላፕቶፕ ፈጽሞ አይወጣም፤ ሌላው የአደባባይ ቁልፍ ሲሆን ለማንም ቢታይ ጉዳት የለውም። እያንዳንዳችሁ በየላፕቶፓችሁ በፓወርሼል ላይ «ኤስኤስኤች ኪጅን» በሚለው ትእዛዝ የየራሳችሁን ጥንድ ፍጠሩ፤ ዓይነቱን ኢዲ25519 አድርጉት፤ የይለፍ ሐረግ ሲጠይቃችሁም ባዶ አትለፉት። ከዚያ የአደባባዩን ቁልፍ ብቻ፣ እሱን በቴሌግራምም መላክ ይቻላል፣ ለአንዳችሁ ላኩና በሰርቨሩ ላይ «ኦተራይዝድ ኪይስ» በተባለው ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ሆኖ ይጻፍ። በመስመሩ መጨረሻ ላይ ስም መጻፍ ይፈቀዳል፤ ጻፉት። ነገ አንዱ ሥራ ሲለቅ የእሱን መስመር ማጥፋት ብቻ ይሆናል፤ የሌሎቻችሁ ሥራ አይስተጓጎልም። ከተቻለ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ የተጠቃሚ ስም ይከፈትለት።

አደራ፣ የድሮውን ቁልፍ ከማጥፋታችሁ በፊት የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ በሌላ መስኮት በአዲሱ ቁልፍ መግባታችሁን አረጋግጡ። ይህን ባለማድረግ ከራሱ ሰርቨር ውጭ ተቆልፎበት የቀረ ሰው አውቃለሁ።

ፑቲን የምትወዱ ከሆነ በእሱ ብትቀጥሉ አልቃወምም፤ ሳይመን ታተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነፃ ሲያቀርበው የኖረ የታመነ ፕሮግራም ነው። የቁልፉ ፋይል ግን በእሱ ዘንድ ፒፒኬ የተባለ የራሱ ዓይነት ስለሆነ ፑቲጅን በሚባለው አጋዥ ፕሮግራም መቀየር ያስፈልጋል። ስሪቱንም ተመልከቱ፦ ከ0.68 እስከ 0.80 ባሉት ስሪቶች ውስጥ ፒ521 በተባለው የቁልፍ ዓይነት ላይ ከባድ ስሕተት ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በወጣው 0.81 ታርሟል። በእነዚያ ስሪቶች የተጠቀመ የዚህ ዓይነት ቁልፍ ያለው ሰው ፕሮግራሙን ማደሱ ብቻ አይበቃውም፤ ቁልፉንም መጣል አለበት። ስታወርዱም በጉግል ፍለጋ አናት ላይ በማስታወቂያነት የሚመጣውን አትጫኑ፤ በፑቲና በዊንኤስሲፒ ስም የተበከለ ፕሮግራም የሚያሰራጩ አሉ።

በመጨረሻም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ መተግበሪያው የሰርቨሩን የጣት አሻራ፣ ማለትም ማንነቱን የሚለይ አጭር ጽሑፍ፣ አሳይቶ «ታምነዋለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁላችንም ሳናነብ «የስ» እንላለን። እባካችሁ የሰርቨሩ አከራይ በድረ ገጹ በሚያሳየው ኮንሶል በኩል ገብታችሁ አሻራውን አንድ ጊዜ አመሳክሩ፤ በሌላ ቀን «አሻራው ተለውጧል» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣና ሰርቨሩን እናንተ ራሳችሁ አፍርሳችሁ ያልሠራችሁት ከሆነ፣ ምክንያቱን ሳታውቁ አትግቡ።

የጠያቂው መልስ
ከአዌቱ ማዶ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጣሁት መተግበሪያ ፍለጋ ነበር፤ በመጀመሪያ ግን የተቀመጥኩት ከስሞቹ ጋር ነው። በተባለው መንገድ ስመለከት የጥያቄ ምልክት የሆኑት ስሞች በእርግጥም ጠፍተዋል፤ 3ኤፍ እየተደጋገመ ነው የመጣው። ሁሉም የአንድ ጣቢያ ገበሬዎች ናቸው፤ የዚያ ጣቢያ መዝገብ ይገባ የነበረው በአሮጌ ፕሮግራም ነበር። ሰንጠረዡን ወደ ዩቲኤፍ 8 ለውጠን ስሞቹን ከደብተሩ አንድ በአንድ መልሰን ጻፍናቸው። ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ስለተደረሰበት አምላክ ይመስገን።

ቁልፉንም ቀይረናል። የድሮው መስመር ከፋይሉ ወጥቷል፤ በስማችን የተጻፉ ሦስት መስመሮች ገብተዋል። በዊንዶውስ ተርሚናል የምንገባው እኔና አንዷ ባልደረባዬ ነን፤ ሦስተኛው ባልደረባችን ፋይል ብቻ ስለሚያሻግር ዊንኤስሲፒ ተጭኖለታል፤ በጣም ተመችቶታል። ሞሽን ለጊዜው ትተነዋል፤ በቲሙክስ ብቻ እየሠራን ነው።

ሐሙስ ዕለት የቀረውን መዝገብ በቲሙክስ ውስጥ ማስገባት ጀምሬ ሳለ ዝናቡ ወረደና መብራቱ ሄደ። በዚህ ጊዜ ሆትስፖት እንኳ አልከፈትኩም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት ሲመጣ ገብቼ «ቲሙክስ አታች» አልኩ፤ መስኮቱ ሲከፈት የመጨረሻው ጣቢያ መዝገብ እየገባ ነበር። ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየኋትና እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ቆመን ተመለከትነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ቲሙክስ ውስጥ ሆኜ የማውስን ጎማ ባሽከረክረውም ወደ ላይ ያለፈው ጽሑፍ አይመለስልኝም። ይህ ይስተካከላል?

መልስ
የሌሊት ተረኛ

ይስተካከላል። በሰርቨሩ ላይ በቤትዎ ፎልደር ውስጥ የቲሙክስን የኮንፊግ ፋይል ይፍጠሩና «ሴት ማውስ ኦን» የሚለውን ትእዛዝ ይጻፉበት፤ ለሁሉም መስኮት እንዲሠራ ከ«ሴት» ቀጥሎ ሰረዝና ጂ ያስገቡ። ለአሁኑ ግን ኮንትሮልንና ቢን ተጭነው ከለቀቁ በኋላ የግራውን ማእዘን ቅንፍ ይጫኑ፤ ከዚያ በቀስቶቹ ወደ ላይ መውጣት ይችላሉ፤ ለመመለስ ኪውን ይጫኑ።